ለውሻ ፍራሽ፣ ለድመት ካርቶን፤ ካፖርቱስ ለማን?

አዲስ አበባ ውስጥ ለውሻ ወይ ለድመት ገንዘብ ልታወጡ ካሰባችሁ መጀመሪያ መኝታው ላይ አውጡት። ካፖርቱ ይቆይ። ብዙዎቹ ውሾች ካፖርት አያስፈልጋቸውም፣ ድመቶቹ ደግሞ ጭራሽ አይፈልጉትም። መኝታ ግን ሁሉም ይፈልጋል፤ በተለይ ሲሚንቶ ላይ የሚያድረው የግቢ ውሻ።

«ሰው የሚለብሰው አጥቶ ለውሻ ፍራሽ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እናቴም ብላኛለች፣ ጎረቤትም ብሎኛል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠብቀን በር ላይ ያቆምነው እንስሳ እኮ ነው! ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፣ የሚተኛበትን ግን ማንም አያነሳም። ደግሞ ከታች የማወራው አብዛኛው ነገር ከመርካቶ ስፖንጅ፣ ከሰልባጅ ሹራብና ከጭድ የሚሠራ ነው፤ ቅንጦት የሚባል ነገር የለበትም።

እኛ ቤት ሦስት አሉ። ጃክ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ጀርመን ሼፐርድ ያለበት ድቅል፣ ትልቅ፣ ዕድሜው የገፋ። ኩኪ ትንሽ ናት፣ ፀጉሯ አጭር፣ ቤት ውስጥ ነው የምትውለው። ሦስተኛዋ ድመት ናት፤ ስሟ ውሮ ነው፣ ከዚያ የተሻለ ስም ለማውጣት ማንም አልተጨነቀም። የምጽፈው እነሱ ላይ የተሞከረውን ነው።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሱቆቹ ይህን አይነግሯችሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። ክረምት ላይ ደግሞ ዋናው ጠላት እርጥበቱ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ለታኅሣሥ ብርድ የሚሆን ለስላሳ ፀጉራም መኝታ ሐምሌ ላይ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ሆኖ ያርፈዋል።

ዶናት በሚሉት መኝታ ልጀምር። ክብ ነው፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ረጅም ለስላሳ ፀጉር ያለው፣ ኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ ውሻውን አስተኝቶ ፎቶ የሚለጥፍበት ዓይነት። የተገዛው ቦሌ አካባቢ ካለ የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ ነው፣ ስሙ ይቅር። ኩኪ ከላስቲኩ ተጎትቶ ሳያልቅ ነው የገባችበት። ትናንሽ ውሾች ሲበርዳቸው ጥቅልል ብለው፣ አፍንጫቸውን ጭራቸው ሥር ከተው ነው የሚተኙት፤ ለዚህ አተኛኝ ከፍ ያለው ጠርዝ ይመቻል፣ ነፋስ ይከልላል፣ አገጭ ማስደገፊያም ይሆናል። እስከዚህ ድረስ አልዋሽም፣ ጥሩ ነው።

ጣጣው ሲታጠብ ነው የሚመጣው። ዚፕ የለውም። ስለዚህ ዕቃውን እንዳለ ነው የምታጥቡት። ሐምሌ ላይ አጥባችሁ አስጡትና እዩ፤ ላዩ ይደርቃል፣ ሆዱ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፣ ከዚያ የሻጋታ ሽታ ያመጣል። ደርቆ ሲወጣም የውስጡ ሙሌት ወደ አንድ ጎን ተጓጉሎ መሃሉ ባዶ ጨርቅ ሆኖ ቀርቷል። ሱቁ ወስጄ ሳሳያቸው «በእጅ ቀስ ብለው ቢያጥቡት ኖሮ» አሉኝ። ስለ አጠባበቅ የሚናገር ወረቀት ግን አብሮት አልነበረም፤ የተሸጠ ዕቃ ደግሞ አይመለስም።

ይባስ ብሎ «ኦርቶፔዲክ» (ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ የሚመች ለማለት ነው) የሚል ትልቅ ልጥፍ ነበረበት። እንዲህ ዓይነት ልጥፍ ስታዩ መዳፋችሁን መኝታው መሃል ላይ አሳርፉና ክብደታችሁን ጣሉበት። ወለሉ ከተሰማችሁ የውሻው ዳሌም ወለሉን ያገኘዋል። ለኩኪ ክብደት ይሄ ችግር አይደለም፣ ለጃክ ግን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዶናት ለድመትና ለትንሽ ውሻ፣ ያውም ልብሱ የሚወልቅ ከሆነ፣ ግዙ። ካልሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

አሁን ወደ አሸናፊው። ስፖንጅ።

መርካቶ ፍራሽ የሚሸጡ ሱቆች ስፖንጅ በፈለጋችሁት ልክ ይቆርጡላችኋል። ለምን እንደሆነ ስትነግሩት ሻጩ ሊስቅ ይችላል፣ ይሳቅ፤ የኔው ሻጭ ስቆ ሲያበቃ የራሱ ውሻም ክርኑ እንደቆሰለ ነግሮኝ ለሱም ቁራጭ አስቀመጠ። ውፍረቱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ዴንሲቲውን ጠይቁ። በአንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ውስጥ ስንት ኪሎ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ርካሽ ነው፣ ሲነኩትም ለስላሳ ነው፣ ግን ከባድ ውሻ ሲተኛበት ቶሎ ሰምጦ ይቀራል። ለጃክ ያስቆረጥኩት 30 የሚሉትን ነው፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር። ለትንሽ ውሻ ግማሹ ውፍረት ይበቃል።

ይህን ያህል ውፍረት ለምን? የግቢ ውሾችን ክርን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፀጉሩ አልቆ፣ ቆዳው ጠቁሮና ደድሮ። ትልቅ ውሻ ሲጋደም ክብደቱ ክርኑ ላይ ያርፋል፤ ይሄ በየቀኑ ሲሚንቶ ላይ ሲሆን ቆዳው እየወፈረ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ውስጡ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። እከክ መስሏቸው ቅባት እየቀቡ ዓመት የሚቆዩ ሰዎች አሉ። ያበጠውን ሐኪም ይየው፣ ደረቁ ድድርታ ግን ከምንም በላይ የሚፈልገው ወፍራም መኝታ ነው። ጃክ ስፖንጁን ካገኘ ወዲህ ክርኑ ላይ አዲስ ቁስል አልወጣበትም፣ ጠዋት ሲነሳም እንደ ድሮው ኋላ እግሩን እየጎተተ አይደለም። አርጅቷል፣ ይሄ አይቀርም፤ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ልኩን የምትወስዱት ውሻው ተዘርግቶ ሲተኛ ነው። ቆሞ ከለካችሁት ያጥራል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ ለኩና ከሁለቱም ጫፍ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ጨምሩ። ለልብስ ሰፊው ደግሞ ሦስት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ ልብሱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለብሳል። ሁለተኛ፣ ዚፑ በሥር በኩል ይዋል፣ ላይ ከሆነ ጥርስ ያገኘዋል። ሦስተኛ፣ ስፖንጁ ራሱ መጀመሪያ በላስቲክ ወይም ውሃ በማያስገባ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ምክንያቱም ያረጀ ውሻ ሽንቱን ሊያመልጠው ይችላል፣ ስፖንጅ ደግሞ አንዴ ሽንት ከጠጣ አለቀለት። የላዩ ልብስ ወፍራም ጥጥ ወይም ሸራ ቢሆን ይመረጣል። ሌዘር መሳዩ ይቀዘቅዛል፣ በጥፍርም ይቀደዳል።

ልብሱ መውለቅ አለበት እያልኩ የምነዘንዘው በቁንጫ ምክንያት ነው። ሰው ውሻውን መድኃኒት ቀብቶ ቁንጫው በሳምንቱ ሲመለስ መድኃኒቱን ይራገማል። ቁንጫ እንቁላሉን ውሻው ላይ ይጥላል፣ እንቁላሉ ግን ከፀጉሩ ተንሸራቶ የሚወድቀው ውሻው ብዙ የሚተኛበት ቦታ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትልም እዚያው መኝታው ውስጥ፣ ጨለማና እርጥበት ባለበት ያድጋል። ከዚያ ራሱን በድር ጠቅልሎ ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውሻውን አክማችሁ መኝታውን ከተዋችሁት ግማሹን ሥራ ነው የሠራችሁት። በየሳምንቱ ልብሱን አውልቁና በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ 60 ዲግሪ ብታደርሱት ጥሩ፣ ከዚያ ጠራራ ፀሐይ ላይ አስጡት። ዶናቱን በየሳምንቱ እንዲህ ማጠብ እንዴት ይቻላል?

በዋጋ ካልን ደግሞ፣ ቁጥር ብጽፍ ወር ሳይሞላው ስለሚለወጥ ተዉት፤ በዶናቱ ሒሳብ ስፖንጁን ገዝቼ፣ ለሁለቱም ልብስ ጨርቅና ለልብስ ሰፊው ከፍዬ ለታክሲ ተርፎኛል።

ቡችላ ያላችሁ ግን ስፖንጅ አትግዙ፣ ገና ነው። ጥርስ የሚያሳክካቸው ጊዜ ስፖንጅ ቦጭቀው ይውጣሉ፣ አንጀት ይዘጋል፣ ነገሩ ቀዶ ሕክምና ድረስ ይሄዳል። እስኪያድግ ድረስ አሮጌ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ ስጡት። ያንን ደግሞ ማንም ቡችላ በቀላሉ አይጨርሰውም።

ለግቢ ውሻ ስፖንጁ ብቻውን አይበቃም፣ ከመሬት መነሳት አለበት። ብርድ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ የተጋደመ ውሻን ሙቀት የሚወስደው ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጎርፉ በሥር ነው የሚገባው። በያጅ ቤት ሄዳችሁ በቱቦላሬ አራት እግር ያለው አልጋ አስበይዱ፣ ከፍታው አንድ ስንዝር ቢሆን በቂ ነው፣ ላዩ ላይ ጠንካራ ሸራ ይወጠር። ብየዳው በደንብ ይሞረድ፣ የሾለ ነገር እንዳይቀር። ይሄን ማሠራት ካልፈለጋችሁ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ላይ ኮምፔንሳቶ ምቱበት፣ ያው ነው። ምንአለሽ ተራ ብትሄዱ ለዚህ የሚሆን ብረትም እንጨትም አታጡም፣ እግራችሁ ይብዛ እንጂ።

የውሻ ቤቱ ራሱ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ቀን ይጠብሳል፣ ሌሊት ደግሞ የውሻው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ከውስጥ በኩል ኮምፔንሳቶ አልብሱት። ሰፊ ቤት መሥራትም ደግነት አይደለም፤ ውሻ ቤቱን የሚያሞቀው በራሱ ገላ ነው፣ ገብቶ ዞሮ የሚተኛበት ያህል ይበቃዋል።

ገንዘብ ከሌለስ? ጭድ። የጎረቤታችን ዘበኛ ጋሼ ውሻቸውን በጤፍ ጭድ ነው የሚያስተኙት፤ በደረቁ ጊዜ ጆንያ ሞልተው ያስቀምጡና ክረምት ሲገባ የውሻ ቤቱ ውስጥ ይነሰንሱታል። ስለ ፍራሽ ሳወራቸው «ልጄ፣ ለላም የሆነ ለውሻ ያንሰዋል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እርጥብ ቦታ ላይ ጭድ ከብርድ ልብስ ይሻላል፤ ብርድ ልብስ ውሃውን መጥጦ ይይዘዋል፣ ጭድ ግን ያሳልፈዋል፣ ውሻውም ቆፍሮ ውስጡ ይገባል። ብናኙ አፍንጫ ያስቸግራል፣ ሲረጥብና መሽተት ሲጀምር መቀየር አለበት። ከዚያ በቀር እንከን አላወጣለትም፣ ለውጭ ውሻ ከዶናቱ አስበልጬ ነው የማየው።

ድመቷ የራሷ ዓለም ነች። ዋሻ የሚመስል፣ ጆሮ ሁሉ የተሰፋለት ቆንጆ መኝታ ተገዛላት። ሸተተችው፣ ዞረችው፣ ከዚያ የመጣበት ካርቶን ውስጥ ገብታ ተኛች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ! ደግሞ ይሄ የኛዋ ቅብጠት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት አዲስ መጠለያ የገቡ ድመቶችን ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን መደበቂያ ሣጥን ሰጠ፤ ሣጥን ያገኙት ከሌሎቹ ቶሎ ተረጋግተው ተገኝተዋል። ድመት የምትፈልገው ጀርባዋ የተሸፈነ፣ ጠባብ፣ በሩን የምታይበት ቦታ ነው። ካርቶን ይሄን ሁሉ በነፃ ይሰጣል።

ሌላው ሙቀት ነው። ድመት ገላዋን ለማሞቅ ምንም ጉልበት ሳታወጣ የምትኖረው ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ ነው፤ እኛ የምንቀልጥበት ማለት ነው። ለዚህ ነው ዲኮደር ላይ የምትወጣው፣ ለዚህ ነው እንጀራ በተጋገረ ቀን ከምጣዱ አካባቢ የማትጠፋው (ምጣዱ በደንብ ሳይበርድ እንዳትጠጋ ተጠንቀቁ፣ መዳፏን ትቃጠላለች)። እና ምርጡ የድመት መኝታ ምንድነው? በልኳ የሆነ ካርቶን፣ ከሥሩ አንድ የታጠፈ ጋዜጣ፣ ላዩ ላይ አሮጌ ሹራብ፣ ቁምሳጥን አናት ላይ። አለቀ። ሹራቡ ክሩ የሚመዘዝ ከሆነ ግን አይሁን፤ ድመት ክር መዋጥ ከጀመረች መትፋት ይቸግራታል፣ አንጀቷን ሰብስቦ ሊገድላት ይችላል።

እሺ፣ ካፖርት። ጀርመን ሼፐርድ፣ ሃስኪና የመሳሰሉት ፀጉራቸው ሁለት ድርብ ነው፤ ከሥር ያለው ለስላሳው ፀጉር አየር ይዞ ያሞቃቸዋል። እነሱን ካፖርት ማልበስ ያንን አየር መጨፍለቅ ነው፣ ለአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ከበቂ በላይ ለብሰዋል። ካፖርት የሚያስፈልጋቸው ፀጉረ አጭሮቹና ቀጫጮቹ፣ ያረጁት፣ ከሕመም የተነሱትና ፀጉራቸው የተላጨው ናቸው። ውሻው ውጭ ሲወጣ ከተንቀጠቀጠ፣ መዳፉን እያፈራረቀ ካነሳ፣ ወገቡን አጉብጦ ወደ በሩ ካየ፣ በርዶታል።

ሱቅ ያለውን አየሁ። ኤስ፣ ኤም፣ ኤል የሚለው ምንም ማለት አይደለም፣ የአንዱ ኤም የሌላው ኤል ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከአንገት ሥር እስከ ጭራ መነሻ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ፣ ከዚያ አንገት። ከሦስቱ ደረቱ ነው የሚወስነው። ካለበሳችሁት በኋላ ሁለት ጣት በቀላሉ ካልገባ ጠቧል። ብብቱን እዩ፣ የሚፋቀው እዚያ ነው። ወንድ ከሆነ የሆዱ ጨርቅ አጭር መሆን አለበት፣ አለበለዚያ እየሸና ይለብሰዋል። ለመጎተቻ ገመዱ ጀርባ ላይ ቀዳዳ የሌለው ካፖርት ደግሞ ለምን እንደተሠራ አይገባኝም። ተለጣፊው ቬልክሮ የውሻ ፀጉር ሲሞላው መያዙን ይተዋል፣ ጠቅ የሚል ማሰሪያ ያለውን ምረጡ።

ለኩኪ ሁለት ነገር ነው የሠራላት። አንደኛው የሕፃን የሰልባጅ ሹራብ፣ እጅጌው አጥሮ፣ ቁልፎቹ ተነቅለው፤ ለታኅሣሥ ጠዋት በቂ ነው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ከአሮጌ የመንዝ በርኖስ ጫፍ የቆረጠላት ነው። ሱፍ ትንሽ ቢረጥብም ማሞቁን አይተውም፣ ነፋስም እንደ ልቡ አያልፈውም። ክብደት አለው፣ ከረጠበ ለመድረቅ ቀን ይፈጃል፣ ሽታውም የበግ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ስሟ ተቀይሯል፣ «ፊታውራሪ» ነው የሚሏት። ከሱቁ ካፖርት በስንት ጣዕሙ!

የዝናቡ ላስቲክ ካፖርት ለመንገድ ብቻ ነው። ቤት ስትገቡ ወዲያው አውልቁ፣ ላስቲክ አያስተነፍስም፣ ከውስጥ ይረጥባል። የረጠበ ካፖርት ደግሞ ከራቁትነት የባሰ ያበርዳል። የትኛውንም ካፖርት አልብሳችሁ አታሳድሩ፤ አንድ ነገር ላይ ተይዞ ሊያንቀው ይችላል፣ ሥሩ ያለው ቆዳም ይታመማል።

ድመት ማልበስ? ተዉት። ብዙዎቹ ልብስ ሲነካቸው ደርቀው በጎናቸው ይወድቃሉ፣ ሰው ያንን ቪዲዮ ቀርፆ ይስቃል። ፀጉሯን ልሳ የምታጸዳ እንስሳ ገላዋን ስትሸፍኑባት ትጨነቃለች። ለብሳ ያየሁት የሚረባ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ውሮ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ጊዜ። ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ያደረጉላት ሰፊ የፕላስቲክ አንገትጌ ከግድግዳ ጋር ሲያላትማት፣ መብላትም ሲያቅታት፣ ሐኪሟን ጠይቀን ከሕፃን ካናቴራ እጅጌ ላይ አራት የእግር ቀዳዳ አውጥተን አለበስናት። ሆዷን ይሸፍናል፣ ስፌቱን መላስ አትችልም፣ እንደ ልቧም ትንቀሳቀሳለች። ከኋላ በኩል ለሽንቷ በደንብ ክፈቱት። በየቀኑ ዝቅ አድርጋችሁ ስፌቱን እዩ፤ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከሸተተ ካናቴራውን ተዉትና ይዛችኋት ወደ ክሊኒክ ሂዱ።